«አውሊያእ» በአማርኛ ምን ይባል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቁርኣን ምዕራፍ 5 ቁጥር 51 አማኞች አይሁዶችንና ክርስቲያኖችን «አውሊያእ» አድርገው እንዳይዙ ይከለክላል። አንዱ «ረዳት» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ሌላው «ወዳጅ»። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ወዳጅ ካልን እኮ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር መጫወትም ቀረ ማለት ነው። ደግሞስ «ወሊ» የምንለው ጻድቁን ሰው አይደለም እንዴ?

መልስ፦
ያው ወሊ ነው፤ አውሊያእ ብዙ ቁጥሩ ነው። ሥሩ ወ-ለ-የ፣ መነሻ ሐሳቡም መቅረብ፣ አጠገብ መሆን። ለአላህ የቀረበው ወሊ ነው። ልጁን የሚድር አባትም ወሊ ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው «መውላ» ጭራሽ ለጌታውም ነጻ ለወጣው ባሪያም ይሆናል (ዐረብኛ አንዳንዴ እንዲህ ያደክማል)። እንግዲህ ቃሉ ከመዋደድ ይልቅ ወደ መጠጋት፣ የእገሌ ሰው ወደ መሆን ያደላል።

የቁርኣን ተርጓሚው ጠበሪ በተፍሲሩ (በማብራሪያው) ከሚያነሳቸው ዘገባዎች አንዱም ወደዚያው ይወስዳል። የመዲና ሰዎቹ ዑባዳ ኢብኑ ሳሚትና ዐብደላህ ኢብኑ ኡበይ ሁለቱም ከመዲና አይሁዶች ጋር የመረዳዳት ውል ነበራቸው። በነቢዩና በእነዚያ አይሁዶች መካከል ጠብ ሲነሳ ዑባዳ ውሉን ተወ። ኢብኑ ኡበይ ግን ነገር ቢገለበጥስ ብሎ ያዘው። ጉዳዩ ማን ከማን ጎን ይቆማል ነው።

ስለዚህ እኔ ብተረጉም «ወገን» እላለሁ። የቁጥሩ ቀጣይም እንዲህ ይሆናል፦ «እርስ በርሳቸው ወገን ናቸው፤ ወገን ያደረጋቸውም ከእነሱ ነው።» ቁጭ አለ አይደል?

ሌላ መልስ፦
ወገን ጥሩ ነው፣ ግን ሥጋ ሥጋ ይሸታል። የጠባቂነቱን ትርጉምም ይጥላል። ደግሞ ነገሩን አናቅልለው፤ ክልከላውን ከውል አልፎ እስከ ቅርብ ጓደኝነት የሚወስዱት ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም። ምዕራፍ 3 ቁጥር 118 ላይ፣ ከእናንተ ውጭ ካሉት አትያዙ የተባለውን «ቢጣና» እዩት። ከሆድ ጋር አንድ ሥር ነው፤ የልብስ ገበርም ቢጣና ይባላል። ከውጭ የማይታይ፣ ገላ የሚነካ። ምሥጢረኛ ማለት ነው።

መልስ፦
ገበሩን ወድጄዋለሁ! ሊቃውንቱ ላይም እውነትህን ነው። ግን ምዕራፍ 60 ቁጥር 8ን ጨምርበት። በሃይማኖት ላልተዋጓችሁ፣ ከቤታችሁም ላላስወጧችሁ መልካም ብትውሉና ብታስተካክሉ አላህ አይከለክላችሁም ይላል። የመልካሙ ቃል «ቢር» ነው፤ ለእናትና ለአባት የሚባለው ያው ቃል። ምዕራፍ 5 ቁጥር 5 ደግሞ የመጽሐፉ ሰዎች (የአይሁዶችና የክርስቲያኖች) ምግብም፣ ጥብቅ (ጨዋ) ሴቶቻቸውን ማግባትም ፈቅዷል። በባልና በሚስት መካከል ያለው ፍቅር ደግሞ በቁርኣኑ «መወዳ» ነው፣ 30፥21። ሚስቱን አትውደድ ሊባል ነው?

ጠያቂው፦
መወዳ ካነሳችሁ፣ እዚያው ምዕራፍ 5 ቁጥር 82 ላይም አለ። አይሁዶችንና አጋሪዎችን (በአላህ ላይ ሌላ የሚያጋሩትን) በጠላትነት የበረቱ ይላቸውና፣ ለአማኞች በመወዳ የቀረቡት «ክርስቲያኖች ነን» ያሉት ናቸው ይላል። ምክንያቱን ሲያስከትል «ቂሲሲን» የሚል ቃል አየሁ። የኛ ቀሲስ ነው?

መልስ፦
እሱው ነው። ሁለቱም ከሶርያ ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ እዚያ ሽማግሌ ማለት ነው።