ጥቆማ፦ ባልደርስ ጌት 3 ላይ ቀስተኛና ባርድ ለመሥራት የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከታናሽ እህቴ ጋር ስክሪን ተካፍለን ባልደርስ ጌት 3 የሚባለውን የቪዲዮ ጌም ልንጀምር ነው። እኔ ቀስተኛ፣ እሷ ባርድ (በዜማና በድግምት ቡድኑን የሚረዳ) መሆን እንፈልጋለን። ሁለታችንም ለጌሙ አዲስ ነን። የትኛውን ክላስ (የገጸ ባሕርይ ሙያ)፣ የትኛውን ቀስት፣ የትኛውን ድግምት እንያዝ? ደግሞ ባርድ ደካማ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ባርድ ደካማ አይደለም፤ እንዲያውም እዚህ ጌም ላይ ከጠንካራዎቹ አንዱ ነው። ደካማ የሚመስለው ጠላት ሲሞት የሚታየው የሌላው ሰው ቀስት ወይም ሰይፍ ስለሆነ ነው። የአንተ ቀስተኛ ምን ያህል እንደሚጎዳ በአብዛኛው የምትወስነው እህትህ ናት፤ ስለዚህ ሁለቱን ገጸ ባሕርያት አንድ ላይ ሆናችሁ ሥሯቸው። ይህን በቁጥር ላሳይህ።

ሌቭል 4 የደረሰ ፋይተር (የጦረኛ ክላስ) እንውሰድ። ለመምታት ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጣልና በወጣው ቁጥር ላይ እነዚህ ይደመራሉ። ዴክስተሪቲው (ቅልጥፍናው) 18 ስለሆነ +4 አለው፤ ፕሮፊሸንሲ (የሥልጠና ጭማሪ) +2፣ አርቸሪ የሚባለው የውጊያ ስልት +2፣ ቀስቱ ራሱ +1፤ ድምሩ +9። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከቆመ ጌሙ ሌላ +2 ይሰጠዋል፤ 11 ሆነ። የጠላት አርመር ክላስ (ለመምታት መድረስ ያለብህ ድምር) 15 ቢሆን፣ ባለ 20 ፊቱ ዳይስ 4 ወይም ከዚያ በላይ ሲወጣ ይመታል፤ ዕድሉ 85 በመቶ ነው። ሻርፕሹተር የሚባለውን ችሎታ ስታበራ ከማነጣጠሪያው 5 ይቀንስና በጉዳቱ ላይ 10 ይጨምራል። ዕድልህ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ታይታንስትሪንግ የተባለውን ቀስት ከያዝክ (ከታች እመጣበታለሁ) አንድ ምት በአማካይ ከ14.5 ወደ 24.5 ይወጣል። የሚስተውን ጭምር አስበህ ስታሰላው ግን፣ ያለ ሻርፕሹተር 12.3፣ በሻርፕሹተር 14.7 ነው። ያን ያህል የሚያስጮህ ልዩነት አይደለም።

አሁን እህትህ ፌሪ ፋየር ትጣልባቸው። የሌቭል 1 ድግምት ነው፤ አንድ አካባቢ ላይ ያሉትን ጠላቶች በብርሃን ያለብሳቸዋል፤ ያላመለጡት ላይ የሚተኩስ ሁሉ አድቫንቴጅ ያገኛል። ማለትም ዳይሱ ሁለቴ ይጣልና ትልቁ ይያዛል። 60 በመቶው ወደ 84 ይዘላል፤ አማካይ ጉዳትህም 20.6 ይሆናል። ሻርፕሹተር ሳታበራ ብትተኩስ ያው አድቫንቴጅ የሚያደርስህ 14.2 ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻርፕሹተርና የባርድ ድግምት አንዱ ያለሌላው ጎዶሎ ነው። አድቫንቴጅ ወይም ከፍታ በሌለበት፣ ጠላትም ከባድ ጋሻ በያዘበት ጊዜ ሻርፕሹተርን አጥፋው። መብራት እንደማጥፋት ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው እንደበራ ይረሳዋል።

ወደ ክላስ ምርጫ ልግባ። ለአንተ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ፋይተር ነው። ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው። ሌቭል 1 ላይ አርቸሪን ያገኛል፣ ሁሉንም ቀስት መያዝ ይችላል፣ ሌቭል 2 ላይ አክሽን ሰርጅ (በአንድ ተራ ተጨማሪ አክሽን) አለው፣ ሌቭል 5 ላይ በአንድ አክሽን ሁለት ጊዜ ይተኩሳል፣ ሌቭል 11 ላይ ሦስት ጊዜ። የጌሙ ጣሪያ ሌቭል 12 መሆኑን አስታውስ። ሰብክላሱን (የክላሱን ንዑስ ዘርፍ) ባትል ማስተር አድርገው፤ ትሪፕ አታክ ጠላትን ከሩቅ ይጥልልሃል፣ ዲስአርሚንግ አታክ መሣሪያውን ያስጥለዋል። በሚያዝያ 2025 በወጣው ፓች 8 (የጌሙ ማሻሻያ) አርኬን አርቸር የሚባል የፋይተር ሰብክላስ ተጨምሯል። ቀስት ላይ አስማት የሚያስር ነው፤ ደስ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ባትል ማስተር ይበልጥ ይቀልሃል።

ሁለተኛው ሬንጀር ሆኖ ግሉም ስቶከርን መያዝ ነው። ኢኒሺዬቲቩ (የተራ ቅደም ተከተል የሚወስነው ዳይስ) +3 ስለሚያገኝ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይነሳል፤ በመጀመሪያው ተራ ላይ ተጨማሪ ምት አለው። ውጊያውን ተደብቀህ አንተ ራስህ የምትጀምር ዓይነት ሰው ከሆንክ ከዚህ የሚሻል የለም። ከሁለተኛው ተራ ጀምሮ ግን ልክ እንደማንኛውም ቀስተኛ ነው። ሀንተር የሚባለው የሬንጀር ሰብክላስም መጥፎ አይደለም፤ ከሁለቱ ፊት ግን አላስቀምጠውም።

ቀስቱ፦ ታይታንስትሪንግ ሎንግቦው። አክት 1 (የታሪኩ የመጀመሪያ ክፍል) ላይ፣ ዜንታሪም በሚባሉት ኮንትሮባንዲስቶች መደበቂያ ውስጥ ብሬም የሚባል ነጋዴ ይሸጠዋል። በሰላም ግቡ፤ ከተጣላችኋቸው መሸጡ ይቀራል። ይህ ቀስት ከዴክስተሪቲ በተጨማሪ የስትሬንግዝህንም (የጉልበትህን) ጭማሪ በጉዳቱ ላይ ይደምራል። ታዲያ ለስትሬንግዝ ነጥብ እንዳታባክን! 8 ላይ ተወው። አንቲ ኤቴል የምትሸጠውን የሂል ጃይንት ኤሊክሲር ጠጣና ስትሬንግዝህ እስከሚቀጥለው ረጅም ዕረፍት ድረስ 21 ይሆናል፤ በየምቱ +5 ጉዳት ማለት ነው። ከላይ ያለው 14.5 የመጣው ከዚሁ ነው፦ የሎንግቦው ዳይስ በአማካይ 4.5፣ ዴክስተሪቲ 4፣ ቀስቱ 1፣ ስትሬንግዝ 5። አንቲ ኤቴል ማን እንደሆነች አልነግርህም፤ ራስህ ድረስባት። ብቻ ኤሊክሲሩን ከእሷ ጋር ከመጋጨታችሁ በፊት ግዙ።

ለእህትህ ደግሞ ሎር የሚባለው የባርድ ሰብክላስ። ካሪዝማ (የድግምቷ ጉልበት) ከሁሉ በላይ፣ ቀጥሎ ዴክስተሪቲና ኮንስቲቲዩሽን (የአካል ጽናት)። ከፌሪ ፋየር ሌላ ሂሊንግ ወርድ ትያዝ፤ በቦነስ አክሽን ስለሚሠራ የወደቀን ጓደኛ ከሩቅ አንሥታ፣ በዚያው ተራ ሌላ ነገር መሥራት ትችላለች። ታሻስ ሂዲየስ ላፍተር አንድ አስቸጋሪ ጠላትን መሬት ላይ በሳቅ ያንከባልልላችኋል። ሌቭል 5 ላይ ሂፕኖቲክ ፓተርን ይመጣል፤ የጠላትን ግማሽ ከውጊያ ያስወጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ፌሪ ፋየር፣ ሂዲየስ ላፍተርና ሂፕኖቲክ ፓተርን ሦስቱም ኮንሰንትሬሽን ይፈልጋሉ። አንዱን ስትጥል የቀደመው ይጠፋል። ስትተኩስባቸው ይነቃሉና በሂፕኖቲክ ፓተርን የደነዘዙትን አንተም አትንካ፤ መጀመሪያ ሌሎቹን ጨርስ።

ቪሽየስ ሞከሪ የሚባለውን ትንሽ ድግምት እንዳትንቀው። አዝማሪ ቤት ገብቶ ስሙ በግጥም የተነሳበት ሰው አቀማመጡ እንደሚጠፋው፣ የተሰደበው ጠላት በሚቀጥለው ምቱ ላይ ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ ትንሹን ይይዛል። ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ግን አያልቅም።

ሎር ያልኩበት ምክንያት ካቲንግ ወርድስ የሚባለው ችሎታ ነው። ጠላት ሊመታችሁ ሲል ከዳይሱ ላይ ትቀንስበታለች። ሌቭል 6 ላይ ደግሞ ማጂካል ሲክሬትስ ከሌሎች ክላሶች ሁለት ድግምት ያስመርጣታል፤ የጠላትን ድግምት የሚያከሽፈውን ካውንተርስፔልንና ጓደኛን የሚያፈጥነውን ሄይስትን ብትወስድ አትጸጸትም። ሌሎቹ ባርዶች ይህን የሚያገኙት ሌቭል 10 ላይ ነው። ቫሎር ባርድ ጋሻና ከባድ መሣሪያ ይዞ ፊት ለፊት ለሚቆም ሰው ነው። ግላመር በፓች 8 የመጣ ነው።

ሌላ ሁለት ጥቅም። ሌቭል 2 ላይ ሶንግ ኦፍ ሬስት አለ፤ ቡድኑ በሁለት ረጅም ዕረፍቶች መካከል ያለው አጭር ዕረፍት ከሁለት ወደ ሦስት ያድጋል። የአንተ አክሽን ሰርጅና የባትል ማስተር ዳይሶች በአጭር ዕረፍት የሚመለሱ ናቸውና ተጠቃሚው አንተ ነህ። ሁለተኛው ንግግር ነው። ጌሙ የሚያየው ንግግሩን የጀመረውን ሰው ችሎታ ነው። ስለዚህ ሰው ልታናግሩ ስትሉ እህትህ ትቅደም፤ አንተ ሮጠህ ከገባህ የእሷ ፐርሱዌዥን (የማሳመን ችሎታ) ምንም አይሠራም።

ጥያቄ፦ ከእናንተ መካከል ልግባና፣ እኔ ብቻዬን ነው የምጫወተው። ቀስተኛም ባርድም በአንድ ገጸ ባሕርይ መሆን ይቻላል? ከጓደኞቹ መካከል ባርድ የለም አሉኝ።

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ በታሪኩ ከሚቀላቀሉሽ ጓደኞች አንዱም ባርድ ሆኖ አይመጣም። ጥያቄሽ ደግሞ የጌሙን ከሁሉ የሚያምር ቢልድ (የገጸ ባሕርይ አሠራር) ነው የነካው። ሶርድስ ባርድ ይባላል። ስሙ ሰይፍ ቢያነሣም በቀስት ነው የሚያበራው።

ሌቭል 3 ላይ ስላሺንግ ፍለሪሽ የሚባል ምት ታገኛለሽ። አንድ ባርዲክ ኢንስፒሬሽን (ባርድ ያለው፣ ቁጥሩ የተወሰነ ኃይል) ከፍለሽ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ትተኩሻለሽ፤ ሁለቱንም አንድ ጠላት ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ሌቭል 6 ላይ በአንድ አክሽን ሁለት ምት ይፈቀድልሻል። እንግዲህ ሁለቱም ፍለሪሽ ከሆኑ በአንድ አክሽን አራት ቀስት ነው። በእያንዳንዱ ላይ የሻርፕሹተርን 10 ደምሪበት! ኢንስፒሬሽኑ ደግሞ ከሌቭል 5 ጀምሮ በአጭር ዕረፍት ይመለሳል፤ ሶንግ ኦፍ ሬስት ደግሞ የራስሽ ነው።

ሁለት ጉድለት አለው። ሶርድስ ባርድ አርቸሪን መምረጥ አይችልም፣ ሎንግቦው የመያዝ ሥልጠናም የለውም። ኤልፍ ከሆንሽ ሎንግቦው ከዘርሽ ታገኛለሽ። ካልሆንሽ በሾርትቦው ወይም በሃንድ ክሮስቦው ጀምሪ። እስከ ሌቭል 6 ንጹሕ ባርድ ሆነሽ ሂጂ፤ መሃል ላይ ፋይተር ብትቀላቅዪ ድርብ ምቱ ይዘገይብሻል። ከዚያ በኋላ ካምፕሽ ውስጥ ያለው ዊዘርስ በ100 ወርቅ ገጸ ባሕርይሽን እንደገና ይሠራልሻል። ያኔ የመጀመሪያውን ሌቭል ፋይተር አድርጊ። አርቸሪና ሎንግቦው ይመጣሉ፤ በፋይተር የጀመረ ሰው የኮንስቲቲዩሽን መከላከያም ስላለው ስትመቺ ኮንሰንትሬሽንሽ በቀላሉ አይሰበርም። መድረሻሽ ባርድ 10፣ ፋይተር 2 ይሁን።

ነጥብ አከፋፈሉ እንዲህ ቢሆን 27ቱን ነጥብ በልኩ ይጨርሳል፦ ዴክስተሪቲ 15፣ ካሪዝማ 15፣ ኮንስቲቲዩሽን 14፣ ዊዝደም 10፣ ስትሬንግዝና ኢንተሊጀንስ 8። ከዚያ +2ን ለዴክስተሪቲ፣ +1ን ለካሪዝማ። 17 እና 16 ሆኑ። 17ቱን 18 የሚያደርግ ነገር አክት 1 ውስጥ አለ፤ እሱም ከዚያችው ከአንቲ ኤቴል ጋር የተያያዘ ነው።

ልብሽን የሚሰርቀው ግን ከአክት 2 ጀምሮ የሚመጣው ነው። ሄልሜት ኦፍ አርኬን አኩዊቲ የሚባል የራስ ቁር አለ። በመሣሪያ ጉዳት ባደረስሽ ቁጥር አርኬን አኩዊቲ ይከማችልሻል፤ ይህም ድግምትሽን ለማምለጥ ከባድ ያደርገዋል፣ እስከ +10። አክት 3 ላይ ባንድ ኦፍ ዘ ሚስቲክ ስካውንድረል የሚባለውን ቀለበት ስትጨምሪበት፣ በመሣሪያ ከመታሽ በኋላ የማታለያና የማፍዘዣ ድግምቶችን በቦነስ አክሽን ትጥያለሽ። ተራው እንዲህ ይሄዳል፦ አራት ቀስት ትለቂያለሽ፣ አኩዊቲው ይከማቻል፣ ወዲያው በከፍተኛ ስሎት (የድግምት አቅም) ሆልድ ፐርሰን የሚባለውን ማፍዘዣ ትጥያለሽ። ከፊትሽ የቆሙት ሰዎች ባሉበት ይደርቃሉ። ላይዘል ወይም ካርላክ የሚባሉት ጓደኞችሽ ቀርበው ሲመቷቸው እያንዳንዱ ምት ክሪቲካል (የጉዳት ዳይሱ እጥፍ) ነው። ቀስተኛነቱ ለባርድነቱ ሲሠራ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹ ቢልዶች ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኬዳሉ እንጂ እንዲህ አንዱን በሌላው አያቀጣጥሉም።

አስተያየት፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን ሁለት ሌቭል ፋይተር ለሁሉም አይሆንም። እኔ ባርድ 11 አድርጌ የሌቭል 6 ድግምት ብይዝ እመርጣለሁ። ሌላው ደግሞ ብቻዋን ለምትጫወተው እህት፦ አስታሪዮን የሚባለውን ጓደኛሽን ግሉም ስቶከር አድርጊው። ዴክስተሪቲው 17 ነው፣ ኤልፍ ስለሆነ ሎንግቦውም ይይዛል። ሁለት ቀስተኛ ከፍታ ላይ ሲቆም ውጊያው የሚያልቀው ጠላት ሳይጠጋ ነው።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ባርድ 11 ያስኬዳል፤ አክሽን ሰርጅን ያጣል እንጂ። አስታሪዮን ላይም እስማማለሁ። ታይታንስትሪንግ አንድ ብቻ ስለሆነ ለሁለቱ ማን እንደሚይዘው አስቀድማችሁ ወስኑ፤ በአንድ ተራ ብዙ ቀስት የሚለቅቀው ይያዘው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ፣ ገብቶናል። የመጨረሻ፦ የጠረጴዛው ጌም መመሪያዎች ላይ ሻርፕሹተር ሌላ ነገር ነው የሚለው። የቱን እንመን?

መልስ፦ ባልደርስ ጌት 3 የተሠራው በ2014ቱ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሕግ ላይ ነው። በ2024ቱ መጽሐፍ ውስጥ የሻርፕሹተር 5 ቀንሶ 10 የመጨመር ነገር ቀርቷል። ስለዚህ አዲሱን የጠረጴዛ መመሪያ ለዚህ ጌም አትከተሉ። ኦነር ሞድ (የጌሙ ከባዱ ደረጃ) ከገባችሁ ደግሞ አንዳንድ ሕጎች ይጠብቃሉ፤ ለምሳሌ ሄይስት የሚሰጠው ተጨማሪ አክሽን አንድ ምት ብቻ ነው የሚፈቅደው። ለመጀመሪያ ጊዜ በመካከለኛው ጀምሩ።

የማሳስብህ ልዩ ቀስቶችን ነው። ጀማሪ ሁሉ ለአለቃው ውጊያ ብሎ ያጠራቅምና ጌሙ ሲያልቅ ሻንጣው ሙሉ ነው። ተጠቀምባቸው! አሮው ኦፍ ሜኒ ታርጌትስ አጠገብ ላጠገብ ለቆሙ ጠላቶች ነው። አሮው ኦፍ ሮሪንግ ተንደር ይገፋል፤ ገደል አፋፍ ላይ የቆመን ጠላት በአንድ ቀስት ትሰናበተዋለህ፤ ብቻ ኪሱ ውስጥ ያለውም አብሮ ይወርዳል። ብላይትድ ቪሌጅ የሚባለው መንደር ስትደርሱ ጎብሊኖቹ ጣሪያ ላይ ሆነው ነው የሚጠብቋችሁ። በመንገዱ መሃል አትግቡ። በጎን ዞራችሁ ጣሪያውን ያዙና ያንን የከፍታ +2 ከእነሱ ቀሙ፤ እህትህም ፌሪ ፋየሯን ሰብሰብ ብለው እንደቆሙ፣ ሳይበተኑ ትጣል።