«ድምፅ አዋሰች» ማለት ምን ማለት ነው? የሊሳ ጄራርድ ነገር

ጥቁር ክራር፦ ሰሞኑን አንድ የኤፍኤም አቅራቢ የ«ግላዲያተር» ፊልምን ማጀቢያ አጫውቶ ሲጨርስ «ሙዚቃው የሃንስ ዚመር ነው፤ ሊሳ ጄራርድ ድምፅ አዋሰችው» ብሎ ላሽ አለ። ዘፋኟ ጄራርድ አዋሰችው! ድምፅ እንደ ምጣድ ከጎረቤት የሚዋሱት ነው እንዴ? ፊልሙ ላይ «ሙዚቃ፦ ሃንስ ዚመር እና ሊሳ ጄራርድ» ተብሎ አብሮ ነው የተጻፈው። ጎልደን ግሎቡም በ2001 ለሁለቱም ነው የተሰጠው (ዓመቱ በፈረንጅ ነው፣ አደራ)።

ዮኒ ሚክስ፦ ኦስካር ላይስ? እጩነቱ በዚመር ስም ብቻ ነው የወጣው። ለምን ዘለልከው?

ጥቁር ክራር፦ ለዚመርስ መች ሰጡት? ሌላው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ታን ዱን አይደል እንዴ ይዞት የሄደው።

ዮኒ ሚክስ፦ አታምልጥ። መክፈቻው ላይ ያለውን የጀርመን ጫካ ውጊያ ስማው፤ 10 ደቂቃ የሚሆን ኪው (ለአንድ ትዕይንት የተሠራ ሙዚቃ) ነው። በ3/4 የሚሄድ ቫልስ (የዳንስ ምት)፣ የነሐስ መሣሪያ፣ ከበሮ። እሷ እዚያ ምን አላት? ስንዴው ማሳ ላይ መጥታ ታንጎራጉራለች፣ በቃ። ይሄ ድምፅ ማዋስ ካልተባለ ምን ይባላል?

ሰላም ባቲ፦ በእኛው ካሴት ሽፋን እንየው፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ሥር ላይ የክር መሣሪያዎቹ አንድ ኮርድ ይዘው ይተኛሉ፣ ከላይ ዜማው ይሄዳል። ያ ዜማ ከእሷ ጉሮሮ ነው የወጣው፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ «ይሄን ዝፈኚ» የተባለች ኮረስ አይደለችም። ስለዚህ ዜማ፦ ጄራርድ፣ ቅንብር፦ ዚመር። የመጨረሻው ዘፈን ላይ እኮ ሦስት ደራሲ ነው ያለው፦ ዚመር፣ ጄራርድ፣ ክላውስ ባደልት። ያዋሰ ሰው ደራሲ ተብሎ አይመዘገብም።

ዮኒ ሚክስ፦ «ግጥም» የሚለው ቦታ ላይስ ማንን ልትጽፊ ነው እህቴ? ባዶ ሊቀር ነው? ቋንቋ የሌለው ዘፈን!

አቤል፦ ቋንቋ አለው እንጂ፣ ዕብራይስጥ ነው። «ሻሎም» ይላል በግልጽ።

የሃይፋው፦ ዕብራይስጥ አይደለም፤ ስንቴ ይነገር። «ሻሎም» የሚመስል ድምፅ ሰማህ፣ እሺ። ከእሱ በኋላ ያለውን እስቲ አንድ መስመር ተርጉምልኝ። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው «ትርጉም» አድናቂዎች ጆሯቸው እንዳደረሳቸው የጻፉት ነው። ሴትዮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ቃሉን ራሷ እያወጣች ነው የምትዘፍነው። ከብሬንዳን ፔሪ ጋር በ1981 ሜልበርን ላይ ዴድ ካን ዳንስ የሚባለውን ባንድ ሲመሠርቱም ያው ነበረች።

አቤል፦ ግዕዝ ቢሆንስ?

የሃይፋው፦ ተው እንጂ ወንድሜ።

ሰላም ባቲ፦ ደግሞ ቃል አለመኖሩ ለፊልም ጥቅሙ ነው። ተዋናይ እየተናገረ ከሥር ግጥም ካለ ጆሮ ሁለቱንም ልከተል ሲል ንግግሩ ያመልጠዋል። በዚያ ላይ ሰው የሚናገርበትና የሚዘፍንበት ድምፅ አንድ አካባቢ ስለሚወድቅ ሚክስ የሚያደርገው ሰው ወይ ዘፈኑን ቀንሶ ይገድለዋል፣ ወይ ወደ ጎንና ወደ ጎን ገፍቶ መሐሉን ለንግግር ይለቃል። ጄራርድ ዝቅተኛው ድምፅ ላይ ኮንትራልቶ (ወፍራም የሴት ድምፅ) ናት፤ ቃል የለ፣ ጩኸት የለ፣ ንግግሩ ሥር ገብታ ትቀመጣለች።

ጥቁር ክራር፦ ኤዲተሩንም ጨምሪበት። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) ነው የሚሄደው፤ በደቂቃ በ60 ምት የተጻፈ ሙዚቃ አንዱ ምት 24 ፍሬም ነው፤ በ72 ከሆነ 20 ፍሬም። ዳይሬክተሩ በመጨረሻው ሳምንት 31 ፍሬም ቆርጦ ቢጥል ምቱ መሐሉ ላይ ይሰበርና ከበሮው ከቡጢው በኋላ ይደርሳል። የሷ ግን በአንድ በተያዘ ድምፅ ላይ ያለ ምት የሚንሳፈፍ ስለሆነ ትንፋሽ የወሰደችበት ቦታ ላይ ብትቆርጠው ማንም አያውቅም። እንግዲህ «ታንጎራጉራለች» ያልከው ይሄ ነው ጌታው።

ዮኒ ሚክስ፦ ጥሩ መሣሪያ ናት ማለታችሁ ነው። መሣሪያ ደግሞ ይዋሳሉ። ከእኔ ጋር ተስማማችሁ 😂

ገነት ውል፦ ማዋስና መድረስ የሚለዩት በገንዘቡ ነው። ለቀን ሥራ የተጠራች ዘፋኝ የሰዓት ክፍያዋን ትወስዳለች፣ በማኅበሯ በኩል ትንሽ ቀሪ ክፍያ ይደርሳት ይሆናል። ደራሲ ግን ኪው ሺቱ (የፊልሙ ሙዚቃ መዝገብ ወረቀት) ላይ ይገባል፤ የኪው ስም፣ ርዝመት በደቂቃና ሰከንድ፣ ከጀርባ ነው ወይስ ተዋናዩም የሚሰማው፣ ደራሲ፣ መቶኛ፣ አሳታሚ። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት ለዚህ አይከፍልም፤ ገንዘቡ የሚመጣው ፊልሙ በቴሌቪዥን በታየ ቁጥርና ከውጭ አገር ሲኒማ ነው። ወረቀቱ ላይ ስምሽ ከተዘለለ ድርሻሽ ዝም ብሎ ለተጻፉት ይከፋፈላል፤ ከዓመታት በኋላ ማስተካከል መከራ ነው። አቅራቢው «አዋሰች» ሲል ሳያውቀው ከዚያ ወረቀት ላይ እየፋቃት ነው።

ብሩክ፦ ሙላቱም እኮ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ላይ እንደዚሁ ነው። ጄራርድን የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ይሏታል እንጂ የሷ ዘፈኖችም ተወስደው የገቡ ናቸው።

ገነት ውል፦ አታደባልቀው። የፊልሙ ዳይሬክተር ጃርሙሽ በ2005 የወሰደው ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ቅጂ ነው፤ ሁለት ፈቃድ ይፈልጋል፣ አንዱ ከቅጂው ባለቤት፣ ሌላው ከዜማው ባለቤት። ጄራርድም በዚህ በኩል አለች፤ «ባራካ» የሚባለው ፊልም በ1992 የተጠቀመበት የባንዱ የ1988 ዘፈን ነው። «ግላዲያተር» ግን ለፊልሙ ተብሎ የተሠራ ነው። የ«ዌል ራይደር» ፊልምን ሙዚቃ ደግሞ በ2002 ብቻዋን ነው የጻፈችው፣ ዚመር በዚያም አላለፈ።

ዮኒ ሚክስ፦ እና «ዌል ራይደር»ን ማን ሰማው?

ሰላም ባቲ፦ አለመስማትህ ክርክር ሆነ አሁን?

ዮኒ ሚክስ፦ እሺ ይሄን መልሱልኝ። ያ የሚያለቅስ ዋሽንት...

ጥቁር ክራር፦ ዋሽንት አይደለም፣ ዱዱክ ነው። የአፕሪኮት እንጨት፣ ሰፊ ድርብ ምላስ። አርመን ነው።

ዮኒ ሚክስ፦ ዱዱክ ይሁን። የነፋው ጂቫን ጋስፓርያን ነው። እሱም በተያዘ ድምፅ ላይ ከራሱ አውጥቶ ነው የሚነፋው፤ የአርመኖቹ ወግ ራሱ እንደዚያ ነው፣ አንዱ «ዳም» (ሳይቋረጥ የተያዘ አንድ ድምፅ) ይይዝለታል፣ አንዱ ይሄዳል። ታዲያ ስሙ ከዚመር ጎን የታለ? ከጉሮሮ ያወጣ ደራሲ ከሆነ ከሳንባ ያወጣስ? ወይስ ለእሱ «ዱዱክ አዋሰ» ብትሉት ቅር አይላችሁም?

ጥቁር ክራር፦ እሱ ሌላ ነው።

ዮኒ ሚክስ፦ በምኑ?

ሰላም ባቲ፦ እሱ ላይ እንኳ ዮኒ ልክ ነው መሰለኝ።

ጥቁር ክራር፦ ሰላም አንቺም?!

አቤል፦ አርመንኛ ይሆን እንዴ የምትዘፍነው?