4,294,967,297 በምን ይካፈላል?

የሒሳብ ክበብ አስተባባሪ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ጤና ይስጥልኝ። ለክበባችን ልጆች 4,294,967,297 ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል) ነው ወይስ አይደለም ብዬ ሰጠኋቸው። ቁጥሩ 2 ርቢ 32 ሲደመር 1 ነው። በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ11 እንደማይካፈል ወዲያው ለዩት። ከዚያ በኋላ ግን ተያዙ። ካልኩሌተሮቻችን 8 አሃዝ ብቻ ይይዛሉ፣ ይህ 10 አሃዝ ነው። ያለ ኮምፒውተር የምንወጣበት መንገድ አለ?

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦
አለ እንጂ! ፕራይም አይደለም፣ በ641 ይካፈላል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፕራይም ነው ብሎ ያምን ነበር። ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው በ1732 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) 641ን ያገኘው። የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋዮች ሁሉ ከ64 ብዜት በ1 ይበልጣሉ። ስለዚህ ልጆቹ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ብለው አምስተኛው ላይ ይደርሱበታል። ደስ የሚለው ይሄ ነው!

ሲሞክሩ ትልቁን ቁጥር አይንኩት። ቀሪውን ብቻ ይከተሉ። 2 ርቢ 8፣ 256 ነው። በራሱ ሲባዛ 65,536 ይሆናል፤ ለ641 ሲካፈል 154 ይቀራል። 154 በራሱ ሲባዛ 23,716 ነው፤ ለ641 ሲካፈል 640 ይቀራል። ይህ የ2 ርቢ 32 ቀሪ ነው። 1 ሲጨመርበት 641 ሞላ፣ ያለ ቀሪ ተካፈለ ማለት ነው። በ193 ቢሞክሩት ግን 109 ይቀራል።

ተማሪ፣ ቡሬ፦
ካልኩሌተር ቀሪ አያሳይም፣ ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። 65,536 ሲካፈል 641፣ 102.24 ገደማ ይላል። ነጥቡን ትታችሁ 102ን በ641 አባዙ፣ 65,382። ከ65,536 ስትቀንሱት 154።

የሒሳብ ክበብ አስተባባሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ድርሻውን መጣል ለምን እንደሚቻል ግን ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም።

የቆሎ ትምህርት ቤት ያለፈ፣ ቢቸና፦
በባሕረ ሐሳብ (በዓላትና አጽዋማት በሚወጡበት ስሌት) ያስጀምሯቸው። ለ2017 ዓ.ም. 5,500 ጨምረን 7,517ን ለ19 ስናካፍል 395 ደርሶ 12 ይቀራል። 395ቱን ማን ይፈልገዋል? ከ12 አንድ ቀንሰን፣ ወንበር የሚባለውን ቁጥር 11 እንላለን። እዚህም 65,536 ማለት 102 ጊዜ 641 እና 154 ነው። በራሱ ሲባዛ፣ ከ154 በ154 በቀር የሚወጣው ሁሉ የ641 ብዜት ነው። ስለዚህ ቀሪውን አይነካውም።

የሒሳብ ክበብ አስተባባሪ፦
ገባኝ። ሲካፈል የሚወጣው 6,700,417ስ ፕራይም ነው?

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦
ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ በኋላ የዋናው ቁጥር ፕራይም አካፋዮች ከ128 ብዜት በ1 እንደሚበልጡ አሳየ። የ6,700,417 ካሬ ሥር ከ2,589 በታች ስለሆነ የሚሞከሩት አምስት ፕራይሞች ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ፣ ለ257 170፣ ለ641 44፣ ለ769 120፣ ለ1,153 334፣ ለ1,409 622። ይህ ቁጥር 7 አሃዝ ስለሆነ ካልኩሌተራችሁ ይበቃዋል፤ ለአምስት ቡድን ያከፋፍሏቸው።