ክርክር፦ ለልጆች ኩላሊት ቱቦው ውስጥ ይቅር ወይስ ወደ ውጭ ይውጣ?

አስጀማሪ (አባት፣ ባሕር ዳር)፦
የዛሬው ጥያቄ ይኸው። የኩላሊቱ መውጫ የጠበበ ልጅ ሽንቱ እዚያው ይጠራቀማል፤ ኩላሊቱ ያብጣል። ሐኪሞች የጠበበውን ቆርጠው ያወጡና ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን የሽንት መስመር መልሰው ይሰፉታል። ስፌቱ እስኪድን ሽንት የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ (ስቴንት) ይገባል። አንደኛው ደብል ጄ ነው፤ ከኩላሊት እስከ ፊኛ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ይቀራል። ሌላው ጫፉ በጎን በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። እኔ ከደቅ ደሴት፣ ከዘጌና ከጣና ሐይቅ ማዶ ለሚመጡ ልጆች የውጩ ቀዳሚ ምርጫ ይሁን ባይ ነኝ። ደብል ጄውን ለማውጣት እኮ ልጁ እንደገና ማደንዘዣ ሊወስድ ነው። የውጩ ግን ያለ ማደንዘዣ፣ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ይወጣል።

ነርስ (የሕፃናት ቀዶ ሕክምና)፦
ወንድሜ፣ አልስማማም። ቱቦ ጎኑ ላይ የተንጠለጠለ የሁለት ዓመት ልጅ ይዘህ አድረህ ታውቃለህ? ይጎትተዋል። ልብስ ይይዘዋል። ያለጊዜው ከወጣ ገና ባልዳነው ስፌት በኩል ሽንት ሊያፈስ ይችላል። ፋሻው ንጹሕ መሆን አለበት፤ ልጁ ሐይቅ ገብቶ መታጠብ የለበትም። ንጹሕ ውሃ በሌለበት ቤት ይህን ሁሉ ለእናት መስጠት ይከብደኛል።

እናት (ከደቅ)፦
ሲስተር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እኔ ላይ የከበደኝ ሌላ ነው። ለልጄ የገባለት ደብል ጄ ነው። ሽንቱን በሸና ቁጥር ጎኑን ያመው ነበር። ከወር በኋላ ተመለሱ ተባልን። የጀልባው፣ የአልጋው፣ የአባቱ ሥራ መፍታት። ጤና መድህኑ ሕክምናውን እንጂ የኛን መንገድ አይከፍልም። ስንደርስ ደግሞ ማውጫው መሣሪያ ተበላሽቷል፣ ሌላ ቀጠሮ። የውጩ ቢሆን ኖሮ እዚያው ከተማ ሰንብቼ፣ አስወጥቼ፣ አንዴ እገላገል ነበር።

ነርስ፦
ባሕር ዳር ሁለት ሳምንት መሰንበትስ በስንት ብር ነው፣ እህቴ?

እናት፦
እኔ ዘመድ አለኝ። ዘመድ የሌለው ይቸገራል፤ እሱን አልክድም።

ጠቅላላ ሐኪም፦
በማዳን በኩል የሁለቱ ልዩነት ትንሽ ነው። በየትኛውም ቢሆን ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ ይሳካላቸዋል። ስለዚህ ክርክሩ መሆን ያለበት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባለው ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የተረሳ ደብል ጄ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይወጣል። ለብዙ ወራት ከቆየ ግን ጨው ይጋገርበታል፣ ድንጋይ ይሆናል። ያኔ ማውጣቱ ራሱ ሌላ ቀዶ ጥገና ሊጠይቅ ይችላል። መንገድ ሲዘጋና ቀጠሮ ሲያልፍ እያየን ይህን ቀላል ነገር አድርገን መያዝ የለብንም። በጨቅላዎች ደግሞ የሽንት መስመሩ የታችኛው ጫፍ ጠባብ ስለሆነ ደብል ጄው አላልፍ የሚልበት ጊዜ አለ።

ተማሪ (ሕክምና)፦
ጫፉ ላይ ተስቦ የሚወጣበት ክር ያለው ደብል ጄስ? ማግኔት ያለውም አለ አይደል? ምንም ሳያስገቡ የሚሰፉም አሉ።

ጠቅላላ ሐኪም፦
አሉ። ክሩን ግን ልጅ ይጎትተዋል። ማግኔቱ በፊኛ ማያ መሣሪያ ሳይሆን በማግኔት ይወጣል፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን መጀመሪያ እዚህ መገኘት አለበት። ያለ ስቴንት መስፋት የቀዶ ሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ ለሁሉም ልጅ አይሆንም።

አስጀማሪ፦
እኔ ከአቋሜ አልወርድም። ሩቅ ላለ ልጅ የውጩ ይሻላል፣ ቱቦው እስኪወጣ ማረፊያ ከተገኘ። ማረፊያ ከሌለ የሲስተር ሥጋት ያሸንፈኛል።

ነርስ፦
እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ደብል ጄ የገባለት ልጅ ሁሉ መዝገብ ላይ ይስፈር፣ የሚወጣበት ቀን ከነስልኩ። ስልክ ለሌለው ቤተሰብ በቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ይነገር። ቤተሰቡም ከቀዶ ጥገናው በፊት ስለ ሁለቱም ይነገረውና ይጠየቅ፤ ደቅ ላለች እናት የትኛው እንደሚቀላት እኔ አላውቅላትም። መዝገቡ በሌለበት ቦታ ግን፣ እውነቴን ነው፣ እኔም የውጩን እመርጣለሁ።