ለታመመ ሰው መሳፈሪያ ማን ይክፈል? (ክርክር)

አስተባባሪ
የሳምንቱ ጥያቄ ይኸው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለታል። መድኑ ካርዱን፣ ምርመራውንና መድኃኒቱን ይሸፍናል። መሳፈሪያውን አይሸፍንም። ይሸፍን ወይስ ይቅር? ስድብ የለም። ፖለቲካም ለሌላ ቀን።

የገጠሩ ልጅ
ይሸፍን! አባቴ የልብ ክትትል አለው። ብቻውን መሄድ ስለማይችል ሒሳቡ ሁሌም የሁለት ሰው ነው፤ የበሽተኛና የአስታማሚ። እስከ ወረዳው ከተማ በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታሉ ደግሞ ሌላ ባጃጅ። ወረፋው ሳያልቅ ይመሻል፤ ስለዚህ አልጋ መያዝ አለ። ምግብ አለ። አንድ ደርሶ መልስ ከዓመቱ የመድን መዋጯችን ይበልጣል።

ባለፈው በግ ሸጠን ሄድን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። «ዶክተሩ ስብሰባ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኑ» አለች። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ የነበረውን ቀን በእስክሪብቶ ሰረዘችና አዲሱን ከጎኑ ጻፈች። በጉ ለዚያች ስርዝ ሄደ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶክተሩ እዚያ ስብሰባ ላይ የትራንስፖርት ብር ይሰጠዋል። ሻይና የታሸገ ውሃም አለ። በአገራችን ስለ ጤና ለሚወያይ ሰው መሳፈሪያ አለ፤ ለታመመው የለም። ይህን ማን ያስረዳኝ?

ሲስተር
ሃሃ፣ እውነቱን ነው። አበል የሌለው ስልጠና ላይ ማንም አይመጣም።

ሒሳብ ሠራተኛው
ወረዳ ላይ የመድን ሒሳብ ሠርቻለሁና ደረቁን ልናገር። ንዴቱ ይገባኛል፤ ገንዘቡ ግን የለም። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ቋቱ፣ ማለትም መዋጮው የሚጠራቀምበት ካዝና፣ የየወረዳው ነበር። ዛሬም በብዙ ቦታ እንደዚያው ነው። መኸር ሲገባ መዋጮ ይሰበሰባል፤ ዓመቱን ሙሉ ከዚያው ይወጣል። አንዳንድ ዓመት ቋቱ ክረምትን አይሻገርም። አባሉ ሆስፒታል ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። መድኃኒት ያልቻለ ቋት መሳፈሪያ ይክፈል ማለት ቀልድ ነው።

ደግሞ ማንም የማያየው ነገር አለ። ከሆስፒታል በጣም የራቀው ወረዳ ማነው? ብዙ ጊዜ ድሃው ነው። መሳፈሪያ ከወረዳ ቋት ይከፈል ከተባለ ብዙ የሚከፍለው እሱ ነው። ሆስፒታል ደጁ ላይ ያለው የከተማ ወረዳ ምንም አያወጣም። ለድሃ ብለን ድሃውን እናከስራለን።

የገጠሩ ልጅ
እና ድሃው ወረዳ በሽተኛውን ቤቱ ያስቀምጠው? ከወረዳው ቋት አይሁን፤ ከክልል ይምጣ። መክፈል ለማይችሉትም መዋጯቸውን መንግሥት አይደል የሚሸፍነው?

ሒሳብ ሠራተኛው
ይሸፍናል። እንግዲህ ለነሱ ብቻ ይሁን። ስማቸው በየቀበሌው ተመዝግቧል።

የእድር ጸሐፊ
ያ መዝገብ ውስጥ ሁለት በሬ ያለው ሰው አለ፤ ጎረቤቱ ያለች ባልቴት የለችም። ዝርዝሩን ማን እንደሚጽፈው እናውቃለን። ነገሩን ማባባስ አልፈልግም እንጂ የዘመድ ሥራ ነው።

እኔ ሌላ ነገር ልበል። ድሮ ሰው ሲታመም ጎረቤት ቃሬዛ ይሸከም ነበር፤ ተራ ነበረው። ማን መሳፈሪያ ይክፈል ብሎ የሚከራከር አልነበረም፤ ትከሻ ነው የሚከፈለው። መንገድ ገባ፣ ባጃጅ መጣ፣ ትከሻው ቀረ። እድራችን ደግሞ ድንኳንና ንፍሮ ነው። ለሞተ ይከፍላል፤ ለታመመ ሲጠየቅ መተዳደሪያ ደንብ ይጠቅሳል። እኛ ጋ ተጨቃጭቀን ሪፈር ይዞ ለመጣ አባል ብድር እንስጥ ብለን ወሰንን። መንግሥትን እስክንጠብቅ ይህን ማን ከለከለ?

የሰፈር ልጅ (አዲስ አበባ)
ሁላችሁም ስለ ገጠር ብቻ ታወራላችሁ። እናቴ በዊልቸር ነው የምትሄደው። ሚኒባስ ታክሲ ሲያያት ነዳጅ ይረግጣል። ያለን አማራጭ ኮንትራት ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ሆነንም ቀጠሮ የምናስተላልፍበት ወር አለ።

የካንሰሩ ደግሞ ይለያል። የጨረር ሕክምና አንድ ቀን ታክሞ መመለስ አይደለም፤ ለሳምንታት መመላለስ ነው። ጅማን የመሰሉ ከተሞች እስኪጨመሩ ድረስ ለረጅም ዓመታት ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከጋምቤላ የመጣ ሰው የት ይደር? እንደ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማረፊያ የሚሰጡ ባይኖሩ ስንቱ ጀምሮ ያቋርጥ ነበር። መሳፈሪያ ብቻ ብላችሁ አትቁጠሩት፤ ማደሪያም የጉዞው ወጪ ነው።

የቨርጂኒያው ሹፌር
ከአሜሪካ ነኝ፤ ሥራዬ በሽተኛ ማመላለስ ነው። እዚህ አካባቢ በዚህ ሥራ ላይ ሐበሻ ሞልቷል። ሜዲኬይድ የሚባለው የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች መድን ሐኪም ቤት የመድረሻውንም ነገር ማመቻቸት አለበት፤ ሕግ ነው። በሽተኛው ቀደም ብሎ ይደውላል፣ መኪና ይመደብለታል፣ እኔ ከደጁ አነሳዋለሁ። ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ? ብሩ በበሽተኛው እጅ አያልፍም። የሚከፈለው አጓጓዡ ነው።

ሌብነት የለም አልልም። ያልተኬደ ጉዞ አስመዝግበው የታሰሩ አሉ። ለዚህ ነው ፊርማውና ጂፒኤሱ የበዛው።

የገጠሩ ልጅ
ወንድሜ፣ እኛ ጋ ሚኒባስ ደረሰኝ እንኳ አይሰጥም። ረዳቱን ደረሰኝ ብትለው ውረድ ይልሃል።

የቨርጂኒያው ሹፌር
ደረሰኝ ምን ያደርጋል? ታሪፉ በመንግሥት የተተመነ ነው አይደል? ርቀቱም ይታወቃል። ሆስፒታሉ «ታካሚው ቀርቧል» ብሎ ማህተም ያድርግ፤ በታሪፉ ልክ በቴሌብር ይግባለት።

ሒሳብ ሠራተኛው
ይህ ከሰማኋቸው ሁሉ የተሻለው ነው። ቀዳዳው ግን ገንዘቡ የሚመጣው ሰውየው ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው። የቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚነሳበት የለውም። ቀድመህ ጤና ጣቢያ ላይ ስጠው ብትል ደግሞ ሪፈር አጽፎ፣ ብሩን ይዞ፣ ገበያ የሚገባ ይኖራል። ሪፈር ጻፍልኝ የሚለው ወረፋም በእጥፍ ያድጋል።

የእድር ጸሐፊ
እድሩ ያበድራል፣ ማህተሙ ሲመጣ መድኑ ለእድሩ ይመልሳል። አባሉን እኛ እናውቀዋለን፤ ገበያ ከገባ ማታውኑ እንሰማለን።

ሲስተር
አሁን እኔ ልግባበት። ሆስፒታል የክትትል ክፍል ነው የምሠራው። ሁላችሁም መሳፈሪያውን ማን ይክፈል ትላላችሁ። እኔ የምጠይቀው ሰውየው ለምን መጣ ብዬ ነው።

የደም ግፊት ታካሚ አለኝ። ግፊቱ ከተስተካከለ ቆይቷል፣ መድኃኒቱም አልተቀየረም። በየወሩ ከሌሊት ተነስቶ ይመጣል። እለካዋለሁ፣ ያው ነው። ያንኑ መድኃኒት የ30 ቀን ይሰጠዋል፤ ይመለሳል። ለዚያ መሳፈሪያ ብትከፍሉለት መኪናውን ደገፋችሁ እንጂ እሱን አይደለም።

ኤችአይቪ ላይ ይህ ተፈቷል እኮ። በደንብ የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት ይዞ እንዲሄድ ከተደረገ ዓመታት ሆኑ። ሰው አልጠፋብንም፤ ወረፋውም ቀለለ። ለግፊትና ለስኳር ለምን አይሆንም? «መድኃኒት በብዛት የለም» ይባላል። ይህ የመጋዘን ችግር ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን የገጠሩ ሰው በበግ ነው።

የእናቶች ማቆያንም አስታውሱ። ምጥ ሲመጣ አምቡላንስ ፍለጋ ከመሯሯጥ እናቲቱ ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ኅብረተሰቡም እህል ያዋጣል። ይህ የመጣው ከመንገድ ችግር ነው።

የሰፈር ልጅ (አዲስ አበባ)
አምቡላንስ አትበሉኝ። ነጻ ነው ይባላል፤ ነዳጅ ሙሉ የተባለ ስንት ዘመድ አለኝ።

የገጠሩ ልጅ
ሲስተር፣ ጥሩ ብለሻል፤ የኔን ግን አልመለስሽም። የአባቴ ክትትል አልትራሳውንድ አለው፤ በስድስት ወር መድኃኒት አይቀርም። መምጣት ላለበትስ?

ሲስተር
ለሱ ይከፈል። እኔ ተቃዋሚ አይደለሁም። ከማይረቡት ቀጠሮዎች ግማሹ ቢቀር የግድ መምጣት ያለባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ያኔ ሒሳብ ሠራተኛውም ቋቱ አይቻልም አይለንም። በመጀመሪያ ግን አንድ ደንብ ይውጣ፤ ሆስፒታሉ ራሱ ቀጠሮ ከሰረዘ የመመለሻውን መሳፈሪያ ሆስፒታሉ ይክፈል። ከመድን ቋት አይደለም፤ ከራሱ በጀት።

ሒሳብ ሠራተኛው
በዚህ እስማማለሁ። አንድ ሩብ ዓመት ቢከፍሉ ቀጠሮ ከመሰረዛቸው በፊት ስልክ መደወል ይጀምራሉ። ስልክ ቁጥሩ ካርዱ ላይ አለ።

የእድር ጸሐፊ
በጀቱ ከየት? ያው ከኛው ግብር ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው
ይሁና። ከስብሰባው ሻይ ይቀነስ።

አስተባባሪ
ድምፅ መስጫውን ከፍቻለሁ፤ ሦስት ምርጫ አለው፦ መድኑ ይክፈል፣ ቀጠሮ የሰረዘው ሆስፒታል ይክፈል፣ ማንም አይክፈል። የእድሩ ብድር ለብቻው ሐሳብ ስለሆነ ጸሐፊው መተዳደሪያ ደንባቸውን ቢለጥፉልን ብዙ እድር ይጠቀምበታል።

የእድር ጸሐፊ
በእጅ የተጻፈ ነው፤ ፎቶ አንስቼ ነገ እልካለሁ። ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ገና እየተጨቃጨቅን ስለሆነ እሱን ዝለሉት።