የኋላ ጎማዬ ጅራቱን ያወዛውዛል፤ «ንፋስ ቀንስ» የሚለኝን ጓደኛዬን ልመነው?

ጠያቂ (የጅማ 150)
ሰላም የሞተር ሰዎች። ያለሁት ጅማ ነው። ያገለገለች 150 ሲሲ ሞተር ከገዛሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ዝናቡ ሲገባ የኋላውን ጎማ በጥርሳም አስቀየርኩ። የእኛን ሰፈር ጭቃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወዲህ አጋሮ መንገድ ላይ 70 ስትሞላ ጅራቷ ይወዛወዛል። ኩርባ ላይ ይብሳል። ከኋላ ሰው ወይም ግማሽ ኩንታል ቡና ካለማ አይወራም።

ጓደኛዬ የሞቶጂፒ (የዓለም የሞተር ውድድር) ሱሰኛ ነው። እሁድ እሁድ መርካቶ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብለን አብረን እናያለን። «እነሱ እኮ ጎማው መንገዱን እንዲይዝላቸው ንፋስ ቀንሰው ነው የሚነዱት» አለኝ። የኋላው ንፋስ 32 ፒኤስአይ ነበር፣ 20 አደረግነው። ሁለት ቀን ልስልስ አለችልኝ፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ከአጋሮ ስመለስ ጎማው ድንገት ተነፈሰ። ቀጥታ መንገድ ላይ ስለነበርኩ ተረፍኩ። ጎሚስታ ጋ ሲወጣ ካላማዳሪው ቫልቩ ሥር ተቀዷል። ሚስማር የለ፣ ስለት የለ።

ጥፋቱ የንፋሱ ነው ወይስ ካላማዳሪው እቃ አይደለም? ውዝዋዜውስ ከጎማ ነው ከሻንሲ? ጓደኛዬ ይህን እያነበበ ስለሆነ በጨዋ ቋንቋ።

ጎሚስታው
ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። ቫልቩ ሥር የተቀደደ ካላማዳሪ በሳምንት ስንቴ እንደማይ አትጠይቀኝ። ሁሉም «ካላማዳሪው ውሸት ነው» ብሎ ነው የሚመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንፋስ ሲያንስ ጎማው ቸርኬውን ጨብጦ አይዝም። ነዳጅ ስትሰጥ፣ ፍሬን ስትይዝ፣ ቸርኬው ላይ ትንሽ በትንሽ እየተንሸራተተ ይዞራል። ካላማዳሪውም አብሮት ይሄዳል። ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ወጥቷል፣ የት ይሂድ? ይጎተታል፣ ይጋደማል፣ መጨረሻ ሥሩ ላይ ይቀደዳል። አሁኑኑ የፊቱንም እየው። ቫልቩ ቀጥ ብሎ ወደ መሐል ካላመለከተና ከተጋደመ ጎማው መዞር ጀምሯል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ ጥርቅም አድርገህ አትሰር። ወደ ላይ፣ ወደ ክዳኑ አስጠጋው። ያኔ ቫልቩ ሲጋደም በዓይንህ ታየዋለህ፣ ቶሎም አይቀደድም።

እሁድ አይቀርም
ጓደኛህ ግማሹን ሰምቶ ነው የነገረህ። ሞቶጂፒ ላይ በ2024 (በፈረንጅ) የጸናው ሕግ «ከዚህ በታች አትውረድ» የሚል ነው። የፊት ጎማ ቢያንስ 1.8 ባር መሆን አለበት፣ ወደ 26 ፒኤስአይ ማለት ነው። ያውም እየተነዳ፣ ጎማው ግሎ እያለ የሚለካ። ከውድድሩ ዙር 60 በመቶ ያህሉን ከዚያ በላይ ካልነዳህ 16 ሰከንድ ይጨመርብሃል። ተወዳዳሪው ቪኛሌስ በ2025 ኳታር ላይ ሁለተኛ ገብቶ በዚሁ ቅጣት ወደ 14ኛ ወረደ። በዚያው ዓመት ታይላንድ ላይ ማርክ ማርኬዝ እየመራ ሳለ ወንድሙን አሌክስን አሳልፎ ከኋላው ተለጠፈ። ያኔ ካፌው ውስጥ «ደከመው» ያሉ ነበሩ። የደከመው ግን አልነበረም፤ የፊት ጎማው ግፊት አንሶበት ነው። ከሌላ ሞተር ኋላ ስትነዳ ሙቅ አየር ይመታሃል፣ ጎማው ይግላል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ሲሞላለት መልሶ አለፈና አሸነፈ።

ደግሞ እነሱ ከመነሳታቸው በፊት ጎማውን በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ያሞቁታል። አንተ ጠዋት በጅማ ጉም ከቤት ስትወጣ ጎማህን ያሞቀልህ ማን ነው?

የጅማ 150
ብርድ ልብሱ ለእኔም አልተረፈ 😂

ጓደኛው ነኝ
አነበብኩ። ጥፋቴ ነው፣ ወላሂ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ንፋስ መቀነስ ካልሆነ ምክንያቱ፣ የእነሱ ጎማ ለምን ይፈነዳል? በ2016 አርጀንቲና ላይ የተወዳዳሪው የሬዲንግ የኋላ ጎማ ሽፋኑ ተገሽልጦ ሲበር በዓይኔ አይቻለሁ።

እሁድ አይቀርም
እሱ ልምምድ ላይ ነበር። ጎማው ሚሽለን ነው፣ ኩባንያው ወደ ውድድሩ በተመለሰበት ዓመት። ከዚያ በፊት በማሌዥያ ሴፓንግ ሙከራ የሎሪስ ባዝ የኋላ ጎማ በቀጥታው ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ፈንድቶ ነበር። ሁለቱም ረጃጅምና ከበድ ያሉ ተወዳዳሪዎች መሆናቸውን ልብ በል። አርጀንቲና ላይ ውድድሩ ወደ 20 ዙር አጠረና ሁሉም መሐል ላይ ሞተር እንዲቀይር ተገደደ።

ከዚያ በፊት በ2013 ፊሊፕ አይላንድ (አውስትራሊያ) አለልህ። አስፋልቱ አዲስ ነበር። የብሪጅስቶን የኋላ ጎማ ሙቀቱን አልቻለም። 27 ዙሩ 19 ሆነ፣ በአንድ ጎማ ከ10 ዙር በላይ መንዳት ተከለከለ። የማርኬዝ ቡድን ቆጠራው ተሳስቶበት አንድ ዙር ዘግይቶ ገባ፣ ጥቁር ባንዲራ ወጣበት፣ ከውድድሩ ተባረረ። ሎሬንዞ አሸነፈ።

ቡና ጫኝ
ከበድ ያሉ ስትል የእኛ ነገር ታየኝ። ገዳዩ ጭነትና ሙቀት ነው። ጎማው ላይ ክብደት ስትጨምር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል። ከውስጥ ይግላል። ንፋስ ሲያንስ ደግሞ መታጠፉ ይብሳል። ሽቦና ክር ከጎማው ጋር የተጣበቀበት ቦታ ይላቀቃል። ሬዲንግ ላይ የሆነው ለእኔም ሆኖብኛል፣ ልዩነቱ ካሜራ አለመኖሩ ነው። ጎማው ጎን ላይ እንቁላል የመሰለ እብጠት አይቼ «ነገ» አልኩ። ነገ አልደረሰም።

ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ። ለምሳሌ 57ፒ ካለ 57 ማለት 230 ኪሎ ይሸከማል፣ ፒ ማለት እስከ 150 ኪሎሜትር በሰዓት። ይህ የሚሠራው ግን ጎማው በትክክል ሲነፋ ነው። በ20 ፒኤስአይ ያን 230 ኪሎ እርሳው። ሞተሯ፣ አንተ፣ ጓደኛህና ቡናው ከኋላው ጎማ ላይ ሲያርፉ ደምረው።

ሜካኒክ ከፈረንጅ አራዳ
ስለ ውዝዋዜው ልመለስ፣ ሁሉም ውድድር ማየት ጀመረ።

መጀመሪያ፦ መሪው በእጅህ ቶሎ ቶሎ ነው የሚንቀጠቀጠው ወይስ ጅራቷ ቀስ እያለ ግራ ቀኝ ይላል? የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከፊት ነው፤ የመሪው ኩሽኔታ፣ የፊት ጎማ፣ የላላ ራጂ። የአንተ ሁለተኛውን ይመስላል፤ እሱ ከኋላ ነው፣ ጭነት ደግሞ ያባብሰዋል።

ጥርሳም ጎማ ለጭቃ እንጂ ለአስፋልት አልተሠራም። ጥርሱ ረጅም ስለሆነ ከክብደትህ ሥር ይተጣጠፋል። ፊት የአስፋልት፣ ኋላ ጥርሳም ስታደርግ ሞተሯ ኩርባ ላይ ሁለት ሐሳብ ይኖራታል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ሁለተኛ የምጠረጥረው የኋላው ጎማ ጠምሞ መታሰሩን ነው። ጎማ ሲቀየር ካቴናው ይላላል፣ ተመልሶ ሲታሰር አንዱ ጎን ይቀድማል። ማስተካከያው ላይ በሁለቱም በኩል ጭረቶች አሉ። ቁጠራቸው፣ እኩል መሆን አለባቸው። ከዚያ ሞተሯን በመሐል መቆሚያ አቁመህ የኋላውን ጎማ ግራ ቀኝ ግፋው። ከተጫወተ ወይ የጎማው ኩሽኔታ ነው ወይ የኋላ ሹካው ቡሽ። ጎማው ጎን ላይ በቸርኬው ዙሪያ የሚሄደውን ቀጭን መስመርም እይ። አንድ ቦታ ገብቶ ሌላ ቦታ ከወጣ ጎማው በደንብ አልተቀመጠም።

መንገድ ላይ ከጀመረህ ደግሞ ፍሬኑን በኃይል አትያዝ። መሪውን አንቀህ አትያዝ። ነዳጁን ቀስ ብለህ ቀንስ፣ ደረትህን ወደ ፊት አስጠጋ።

ጎሚስታው
ሜካኒኩ ልክ ነው። ንፋስ ጠዋት ሳትነዳ ነው የሚለካው። ቁጥሩ ካቴና መሸፈኛው ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ለብቻና ከሰው ጋር ተለይቶ። ነድተህ ስትለካ ሦስት አራት ፒኤስአይ ጨምሮ ብታየው አታስተንፍስ። የጋለ አየር ነው፣ ሲበርድ ይመለሳል። ደግሞ ጎማው ስንት ዓመቱ ነው? ዶት ከሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ዓመት።

የጅማ 150 (ከአራት ቀን በኋላ)
መልስ ይዤ መጣሁ። የጎማው ቁጥር 1817 ይላል። ሻጩ «የ2017 ነው፣ አዲስ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔም በእኛ አቆጣጠር ቆጥሬ ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ለካ በፈረንጅ ነው። ጎማው ከእኔ መንጃ ፈቃድ ይበልጣል።

የካቴናው ማስተካከያ በሁለት ጭረት ጠምሞ ነበር። የፊቱ ቫልቭ ቀጥ ያለ ነው፣ ተመስገን። የኋላውን በአስፋልት ጎማ ቀየርኩ፣ አዲስ ካላማዳሪ ገባ፣ ጠዋት 32 ሞላሁ። ትናንት ባዶዬን አጋሮ ደርሼ ተመለስኩ። 70 ላይ ጸጥ ብላለች። 80 ላይ መሪው ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ሜካኒክ ከፈረንጅ አራዳ
የመሪው ኩሽኔታ ነው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥተህ ሹካውን ከታች ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳብ ግፋ። ኳ ካለ ላልቷል። መሪውን ግራ ቀኝ ስታዞረው መሐል ላይ ከያዘህ ደግሞ ተበልቷል፣ ማጥበቅ አይጠቅምም፣ ይቀየራል።

የጅማ 150
ኳ ይላል። መሐል ላይም ይይዛል። እቃውን ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ። እስኪመጣ ከ60 አላልፍም፣ ቡናውም በባጃጅ ይሄዳል።

ጓደኛው ነኝ
የባጃጁን እኔ እከፍላለሁ።