ለፊልም የሠራሁት ደም ማታ ማታ ጥቁር እየሆነብኝ ተቸግሬያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። በጓደኛሞች መዋጮ አጭር አስፈሪ ፊልም እየቀረጽን ነው፤ ቦታው ጉለሌ ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት። ደሙን በስኳር ሽሮፕ፣ በቀይ የምግብ ቀለምና በትንሽ ካካዎ ራሴ ነኝ የምሠራው። ቀን ሲታይ ያስደነግጣል። ማታ ለጨረቃ ብለን ሰማያዊ ኤልኢዲ ስናበራ ግን ነጠላው ላይ የተቃጠለ ዘይት የፈሰሰ ይመስላል። ካካዎውን ብቀንስም ያው ነው። ኩራዝ ሳስጠጋለት ቀዩ ይወጣል፣ የጨረቃው ድባብ ግን ድራሹ ይጠፋል። (ጄኔሬተር አስነስቶ ሌላ መብራት መጨመር አይታሰብም፣ ድምፁ ማይክ ውስጥ ይገባል።) ሰማያዊውን ላሳሳው፣ ደሙን ይበልጥ ላቅላው ወይስ ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል? ያልተበከለ ነጠላ የቀረን አንድ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ መሞከር አልችልም። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ፤ ተዋናይቷ ቅዳሜ ክፍለ ሀገር ትሄዳለች።